ኤሲና ዳገት፦ ሽማግሌ ጭኜ ይፋግ የሄድሁበት ጉዞ

ከይፋግ ከተመለስሁ ወዲህ የመምህራን ክፍል በገባሁ ቁጥር «እስቲ ያችን የኤሲ ነገር ድገማት» እያሉ መላወሻ አሳጥተውኛል። ምላሴ ከሚያልቅ ቀለሙ ይለቅ ብዬ ነው ይህን መጻፌ። እንጅባራ ተወልዶ እንጅባራ ላደገ ሰው ግን አስቀድሜ ሙቀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አለብኝ። እኛ አገር ፀሐይ የምትወጣው ለመታየት ነው እንጂ ለማሞቅ አይደለም። የጎረቤቴ እናት ባሕር ዳር ሰው በሸሚዝ ብቻ ገበያ ይወጣል ብላቸው «ምነው፣ ድህነት ነው?» ብለውኛል።

ይበልጣል እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። መኪናዬ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር ያላት ትንሽ ነገር ናት፤ ባልደረቦቼ «ቁንጫ» ብለው ስም አወጡላት፣ ስሙም ጸደቀ። መሪዋ አጠገብ የበረዶ ሥዕል ያለባት አንዲት ቁልፍ አለች። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ይህች ቁልፍ በረዶ ሲጥል የምትነካ ትመስለኝ ነበር። እንጅባራ ደግሞ በረዶ መቼ ጠፍቶ! ጣራዋን መቀጥቀጥ ሲጀምር ቶሎ ብዬ እጫናታለሁ፤ በረዶው አይቆምም፣ እኔ ግን ጥርሴን እያንቀጫቀጭሁ ቤቴ እገባለሁ። ቁልፏ ተበላሽታለች ብዬ መካኒክ ላሳያት አስቤ ነበር፤ እንኳንም አላሳየኋት።

ጉዞው የሽማግሌ ጉዞ ነበር። እዚሁ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የምታስተምረውን ትርንጎን ታውቋታላችሁ። አባቷ መሪጌታ ኅሩይ ይፋግ ነው የሚኖሩት። «ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሽማግሌዎቹ ይምጡ» ብለው ፈቅደው ነበር። ችግሩ እሑድ ነው። እሑድ ጠዋት ሌላ ሽማግሌ ቀጠሮ ይዟል፤ ላኪው ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሰኔ ጾም ይገባል። ትርንጎ ቀድማ አባቷ ቤት ገብታ ነበርና በስልክ «ቅዳሜን ካሳለፍህ ሩዝ ስፈለፍል ታገኘኛለህ» ብላኝ ዘጋችው። ሳቀች መሰለኝ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የላከ ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ አብሮ አይሄድም። ኮንትራት መኪና ስፈልግ ግን ቤንዚን ጠፍቷል ተባለ። ቁንጫን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚደፍራት የለም። አጎቴ ጋሽ ፈንታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ስለወጡ ረጅም መንገድ ይደክማቸዋል። ስለዚህ መከርን፦ እስከ ይፋግ እኔ እነዳለሁ፤ ወደ መሪጌታ ቤት የሚያስገባው መንገድ አፍ ላይ ስንደርስ ወርጄ እደበቃለሁ፤ ከዚያ ጋሽ ፈንታ መሪ ይዘው በክብር ይገባሉ። ከእሳቸው ሌላ የነፍስ አባታችን ቄስ ሞላና ከባንክ ጡረታ የወጡት ጋሽ አስማረ ነበሩ። ሦስቱም ሙሉ ሰውነት ያላቸው ናቸው፣ እግዜር ይባርካቸው። ሲገቡ ቁንጫ በአራቱም ጎማዋ ቁጢጥ አለች።

ዓርብ ጠዋት በጉም ውስጥ ተነሣን። ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። ዳንግላ ላይ ቁርስ በላን፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ሥጋ አለ፤ ጥብሱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ እንጀራው ግን ትንሽ ይሣሣል። ከዳንግላ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል እያለ ሲሄድ ጋቢዎቹ አንድ ባንድ ወረዱ። መራዊ ስንደርስ ጋሽ አስማረ ኮታቸውን አወለቁ። መስኮት ልክፈት ስል ቄስ ሞላ ከኋላ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ነፋስ ይመታኛል።»

«አባ፣ እየተቀቀልን እኮ ነው!» አሉ ጋሽ አስማረ።

«ላብ ይደርቃል። ነፋስ ግን አንዴ ጎን ውስጥ ከገባ አይወጣም። ነገ አንገቴ ተጣሞ ልጅ ልጠይቅ?»

ይህን የሚከራከር ማን አለ? መሸንቲ ስንቃረብ ላቡ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር። ጋሽ አስማረ በዚህ መሐል ጎንበስ ብለው መሪው አካባቢ ሲመረምሩ ቆዩና «አንተ፣ ይች ኤሲ አይደለችም እንዴ?» ብለው ያችን የበረዶ ቁልፍ ተጫኑ። ቀዝቃዛ አየር ፊታችን ላይ ተለቀቀ። «የእንጅባራ አየር!» አሉ ቄስ ሞላ ዐይናቸውን ጨፍነው። እኔ በበረዶ ቀን ስቀዘቅዝ የኖርሁት በገዛ እጄ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርሁም።

«አባ፣ ይኸም እኮ ነፋስ ነው» አሉ ጋሽ ፈንታ።

«ይኸ የቤት ነፋስ ነው» አሉ ቄስ ሞላ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ትንሽ አቀበት ስንጀምር ቁንጫ ማቃሰት አመጣች። ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ወይ ፍንክች። ከኋላችን የመጣ ባጃጅ፣ ሦስት ሰውና አንድ በግ የጫነ ባጃጅ፣ ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈን። በጉ ዞር ብሎ አየን። ጋሽ ፈንታ በንዴት ጭናቸውን መቱ። «ዝጋው ይኸን ነገር! ብርዱ ከሰማይ የሚወርድ መሰለህ? ብርዱን የሚሠራውን ኮምፕሬሰር የሚያዞረው ይኸው ሞተር ነው፤ በቺንጋ ተያይዘዋል። ሰው የተሸከመች በቅሎ ላይ ወፍጮ ትጨምርባታለህ?» አሉ። ዘጋሁት። ቁንጫ ወዲያው ቀና አለችና አቀበቱን ጨረሰች፤ ባጃጁ ግን እስከ ከተማ አልተገኘም።

ባሕር ዳር ያደርነው ፋሲሎ ሰፈር ነው። የጋሽ አስማረ የድሮ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ወይዘሮ ሂሩት እዚያ ይኖራሉ፤ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፣ አሁን ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ይሠራሉ። በሩን ከፍተው አራት ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች ሲያዩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «አቦ፣ ይሄ ሙቀት ነው እንዴ? እኔ እዚህ ሹራብ ነው የምለብሰው!» አሉ። የሐይቅ ዓሣ ጠብሰው በዳጣ አቀረቡልን። እኛ ድንቹን የምናውቀውን ያህል እነዚህ የባሕር ዳር ሰዎች ዓሣ ያውቃሉ፤ እሾሁን በምላሳቸው ይለዩታል። ቄስ ሞላ አንዷ እሾህ ጉሮሯቸው ላይ ቆማባቸው እሷን ለማውረድ እንጀራ እየጠቀለሉ ሲውጡ አመሹ። ወይዘሮ ሂሩት አልጋቸውን ለሽማግሌዎቹ ለቀው ከልጃቸው ጋር ተኙ፤ ቬንትሌተራቸውንም አመጡልን። ቄስ ሞላ ወደ ግድግዳ አዞሩት።

ሐይቁን አየህ ወይ ለምትሉኝ፣ አይቻለሁ። ሰፊ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ነዳጅ ማደያ ተሰለፍን። ሲደርሰን ቀጂው ጥቂት ብቻ ቀድቶ «ለሁሉም እንዲዳረስ ነው፣ አትቀየሙኝ» አለ። ጋሽ ፈንታ የቤንዚኑን ጌጅ አይተው በልባቸው አሰሉ። ኤሲ ካልበራ ይፋግ ደርሰን ወረታ ድረስ እንመለሳለን፤ ከበራ ግን እሳቸው የሉበትም። መስኮቱም ይዘጋ፣ ኤሲውም ይዘጋ? ጋሽ አስማረ ከረባት አስረዋል፤ ከረባቱ ገና የዓባይን ድልድይ ሳንሻገር ረጥቧል። በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። ሜዳ ላይ ይበራል፤ ዳገት ላይ ይጠፋል፤ አዛዡ ጋሽ ፈንታ ናቸው። ከዚያ ወዲያ «አጥፋ!» «አብራ!» ሲሉ ቅዳሴ ላይ ምእመኑን የሚያዝ ዲያቆን ነበር የሚመስሉት። ቄስ ሞላም እንደ ምእመን ይታዘዛሉ፤ «አጥፋ» ሲባል ማራገቢያ ያወጣሉ፣ «አብራ» ሲባል ይከታሉ።

እውነቱን ለመናገር መስኮት መክፈቱም ቢሆን ከከተማ ውጭ ያን ያህል አያተርፍም ነበር። ጋሽ ፈንታ እንዳሉት መስኮት ከፍቶ የሚበር መኪና ጃንጥላ ዘርግቶ እንደሚሮጥ ሰው ነው፤ አየሩ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግን መስኮት ይሻላል። ይኸንን ሁሉ ሲያስረዱ ቄስ ሞላ «እንግዲህ ያው ነው፣ ዝጉት» አሉ።

ከሐሙሲት ወዲያ ወደ ፎገራ ሜዳ ወረድን። ዐይን የሚጨርሰው ሜዳ አይደለም። እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ሜዳ ቢገኝ ኳስ ሜዳ እንዲሆን ኮሚቴ ይቋቋምበታል። እዚህ ግን ሩዝ ይዘሩበታል፤ በግንቦት ደርቆ ከብት ሞልቶታል። ከብቶቹ ደግሞ አስፋልቱን ወደውታል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ በላም ተዘጋ። ጥሩንባ ብነፋ አንዷ ጀርባዋን የቁንጫ አፍንጫ ላይ ታከከች። ቆምን። ሞተሩ እየሠራ፣ ኤሲው እየነፈሰ ቆምን። ጋሽ አስማረ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋሽ ፈንታ ከብት ለመንዳት ወርደው ስለነበር «አጥፋ» የሚል አልነበረም፤ እኔም ብርዱ ጣመኝና ዝም አልሁ። ሲመለሱ ጌጁን አይተው «ኧረ በሥላሴ! ሳንሄድ ጠጣችው እኮ!» ብለው ጮኹ።

ይፋግ ስንገባ ቀትር ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። የመሪጌታ ቤት ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በጠጠር አቀበት ላይ ነው፤ አቀበቱ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ። ከታች ወረድሁና አንድ የቁልቋል አጥር ሥር ተደበቅሁ። ጋሽ ፈንታ ከኋላ ወንበር ወጥተው መሪ ያዙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አስተካከሉ። መኪናዋ ተነሣች፤ እኔም በልቤ «አደራ ቁንጫ፣ ዛሬ ብቻ» አልኋት።

ግማሽ ላይ አጉረመረመች። ሁለት ሦስቴ ተንደፋደፈችና ሞተሯ ጠፋ። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የኤሲ ጠላት የሆኑት ጋሽ ፈንታ መሪ ሲይዙ «አጥፋ» የሚላቸው አጥተው ሳያጠፉት ሄደዋል! ፍሬን ቢይዙም ጠጠሩ ያንሸራትታታል። ከውስጥ የቄስ ሞላ «ኪርያላይሶን!» ይሰማል።

እዚያ አጥር ሥር ተቀምጦ ወግ መጠበቅ አልቻልሁም። ሮጥሁ። ድንጋይ አንሥቼ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ አደረግሁ፤ መኪናዋ ቆመች። «ጋሽ ፈንታ፣ ኤሲ!» ብዬ ጮህሁ። ዘጉት፤ ሞተሩን አስነሡት። ትከሻዬን አስጠግቼ ገፋሁ፤ አቧራው አፌ ውስጥ ገባ። ቁንጫ እያለከለከች ወጣችና ግቢው በር ላይ ቆመች። ቀና ስል ነጭ ለብሰው መቋሚያ የተደገፉ ረጅም ሽማግሌ ያዩኛል።

«ይኸ ልጅ ማነው?» አሉ መሪጌታ ኅሩይ።

ጋሽ አስማረ ከረባታቸውን እያጠበቁ «ሾፌራችን ነው» አሉ።

መሪጌታ መሪ የያዙትን ጋሽ ፈንታን አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ። «ሾፌሩ ከኋላ ከሆነ፣ ከፊት ያሉት ምንድን ናቸው?»

መሪጌታ ፂማቸውን ዳሰስ አደረጉና «ቀትር ሳይሆን ደርሳችኋል፣ ግቡ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ «የመጣንበት ጉዳይ አለ፣ አንቀመጥም» ሲሉ እስከ ውጭ ተሰማኝ።

እኔ ሾፌር ነኛ፣ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ትርንጎ የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። ዐይኔን ሳታይ «ሾፌር፣ እጅዎን ይታጠቡ» አለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ» አልሁ። ማንቆርቆሪያው በሳቅ ተንቀጥቅጦ ውኃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። እናቷ ደግሞ ከጤፍና ከሩዝ የተደባለቀ ነጭ እንጀራ በዶሮ ይዘው መጡ። እንጀራው ከእኛ ይለሰልሳል፣ ቶሎ ያጠግባል። እሳቸው ግን ጎርሼ ሳልጨርስ እያጎረሱኝ ወሬ ይጠይቁኛል።

«አግብተሃል ልጄ?»

ሰው እያጎረሰህ እንዴት ትዋሻለህ? «ሽማግሌ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነው» አልሁ።

«ሩቅ ነው የላክኸው?»

«አይ፣ ቅርብ ነው።»

እናትዬው ወደ ቤቱ በር አዩ፤ ወደ ትርንጎ አዩ፤ ወደ አቧራዬ አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገቡና ሁለተኛ ዕንቁላል ይዘው ተመለሱ። እኔ ያንን ዕንቁላል እንደ ጥሩ ምልክት ወሰድሁት።

ከውስጥ የወጣው መልስ ግን የታወቀው ነው፤ «ዘመድ ላማክር።» ይኸም ያስፈራል፤ ምክንያቱም ነገ እሑድ ነው። ጋሽ አስማረ ፊታቸው ወድቋል። መሪጌታ ሊሸኙን መኪናዋ ድረስ መጡና ዳገቱ ላይ ምን እንዳቆማት ጠየቁ። ቄስ ሞላ ስለ ብርዱ ነገሯቸው። «ከእሳት ብርድ ይወጣል?» አሉ መሪጌታ፤ ደነቃቸው። «ይግቡና ይዩት» አልሁ፤ ምነው ባላልሁ ኖሮ!

ሞተር አስነሥቼ ኤሲውን ከፈትሁላቸው። መሪጌታ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ቆዩ። አንድ ዳዊት የሚያስደግም ያህል ቆዩ። ከዚያ «እስቲ የደብራችንን አባ ገብረ ሥላሴንም ጥሩልኝ» አሉ። እሳቸው መጡ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሦስት አባቶች ተከተሉ፤ ጎረቤት ሰማ። ሁሉም ተራ እየጠበቀ ይገባል፣ «እሰይ! ደጋ!» ይላል፣ አይወጣም። ጋሽ ፈንታ ከውጭ በዐይናቸው «አጥፋ፣ አጥፋ» ይሉኛል። እንዴት ላጥፋ? አማቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው እንግዳ ጋብዘው! ኤሲ ደግሞ መኪና ቢቆምም ቤንዚኑን መጠጣት አያቆምም። አንዲት አሮጊት ውስጥ ተቀምጠው ሸለብ ሲያደርጋቸው ሞተሩ እህህ ብሎ ጠፋ። ጌጁ ዜሮ ነበር።

ልጅ ጠይቆ፣ «ዘመድ ላማክር» ተብሎ፣ እዚያው ቤት ማደር ያለ ነገር ነው? ሽማግሌዎቹ እንደ ክረምት ዶሮ ኩምሽሽ አሉ። መሪጌታ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጠጣሁት እኔ ነኝ» ብለው መደብ ላይ ቆዳ አስነጠፉ። ጠላ መጣ፤ ራት መጣ። ቄስ ሞላና መሪጌታ የተማሩት ከአንድ መምህር ሆኖ ተገኘና ቅኔ ሲቀባበሉ አመሹ። እኔ ሾፌሩ እህል ካለበት ክፍል፣ የሩዝ ጆንያ ላይ ተኛሁ፤ ሩዙ ጎኔን ሲወጋኝ ያ የወረታ ሰውዬ ትዝ እያለኝ ተገላበጥሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ላይ ሳለን አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ያንን አቀበት ሳያቃስት ወጣው። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ኤሲው ይሠራል፤ ሞተሩ ደንታም አልሰጠው። የወረታው ሰውዬ ሽማግሌዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው ሁለቱንም ይችላል፤ ብርዱንም ዳገቱንም። አራት ሽማግሌዎች ሳያልባቸው ወረዱና «ቤቶች!» አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲያዩ፣ ጋሽ ፈንታ በጋቢ ተጠቅልለው ገንፎ ይበላሉ፤ ጋሽ አስማረ በመሪጌታ ነጠላ ፊታቸውን ያብሳሉ፤ ቄስ ሞላ የቤቱን ሕፃን ታቅፈው ያባብላሉ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዶች አሉባችሁ መሰል።»

«አሉብን» አሉ መሪጌታ። «አድረዋል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ላድር ያለን ሽማግሌ ማን ያሳድራል፣ ካልሰጡት? «እንግዲህ እግዜር ይባርክ» ብለው ቁርሱን ቀምሰው፣ ምርቃት ሰጥተው፣ በመጡበት ተመለሱ። መሪጌታ መልሰው አልጠሯቸውም። የእኔ እጅ ላይ ያለው ገንፎ ቀዘቀዘ።

ከዚያ መሪጌታ ወጥተው ሄዱ። የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። የእኛ ሽማግሌዎች መልስ ሳይሰሙ ጫማቸውን አሰሩ። ጥቂት ቆይቶ መሪጌታ ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ፤ ሰውዬው ሽንኩርት ከሚያጠጣበት የውኃ ፓምፕ የቀዳው ቤንዚን ነው። «ሽንኩርቱ አንድ ቀን ቢጠማ አይሞትም» አለን። ቁንጫ ጠጣች። ጋሽ ፈንታ መሪ ሊይዙ ሲሉ መሪጌታ በመቋሚያቸው ከለከሏቸው።

«ሾፌሩ ይንዳ።»

ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ተጨናንቀው ገቡ። ትርንጎ በሩ ላይ ከእናቷ ኋላ ቆማለች። መሪጌታ በእኔ በኩል መጥተው ጎንበስ አሉ፤ እኔ መስኮቴን አወረድሁ። ለሽማግሌዎቹ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«የእንጅባራ መንገድ ሽቅብ ነው አሉ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ ከመራዊ ወዲያ ሽቅብ ነው።»

«እንግዲያስ ልጄን ይዘህ ስትወጣ ያንን ብርድ ዝጋው። እሷ መኪና ስትገፋ እንዳልሰማ።»

ከዚያ ቄስ ሞላ ከእንጅባራ ጀምሮ ጣት ያላስነኩትን መስኮት እስከ ታች አወረዱትና፣ ራሳቸውን ከነጥምጥማቸው ነፋሱ ውስጥ አውጥተው «ምን ትጠብቃላችሁ ቤቶች፣ እልል በሉ እንጂ!» አሉ።